የእንዶድ ሙግት፤ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ሥራ

ከኢትዮጵያ የሳይንስ ሰዎች መካከል ስማቸው ከአገር አልፎ በውጭው ዓለም የተሰማላቸው ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚሁ ጥቂቶች አንዱ የሆኑት ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚታወሱት በአንድ ግኝት ነው፤ ይኸውም የአገራችን ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን ማስረዳታቸው ነው። ይሁን እንጂ ግኝቱ ራሱ የጠየቃቸው በአንድ ወንዝ ዳር ቆም ብሎ ልብ ማለትን ሲሆን፣ ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ሙከራ በየቤተ ሙከራቸው ደግመው እንዲፈትኑትና እንዲቀበሉት ለማድረግ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። የሕይወታቸው ከባዱ ሥራ፣ ለሙያ ባልደረቦችም ይበልጥ ትምህርት የሚሆነው፣ ይኸው ሁለተኛው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት መስከረም 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረርጌ ምድር ነው። የኢጣልያ ጦር ወሰን ጥሶ አገራችንን የወረረው እርሳቸው በተወለዱ በ15ኛው ቀን ነበር። በመጋቢት 1936 ጅጅጋና ሐረር በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደቡ፤ በግንቦት ወርም ሁለቱ ከተሞች በጠላት እጅ ወደቁ። የዚያ ዘመን የምሥራቅ ልጆች የመጀመሪያዎቹን የዕድሜያቸውን ዓመታት ያሳለፉት በወረራና በጦርነት ውስጥ ነው።

የያኔው ሐረርጌ ከሐረር ደጋ ተነሥቶ የጅጅጋን ሜዳ አካትቶ እስከ ደገሐቡርና ከዚያም ወዲያ የተንጣለለ ሰፊ ግዛት ነበር። ዛሬ የዚያ ምድር ትልቁ ክፍል ዋና ከተማው ጅጅጋ በሆነው በሶማሌ ክልል ውስጥ ይገኛል። በዚያ አገር የኑሮ ሁሉ መነሻ ውኃ ነው። ሰው የሚጠጣው፣ ከብትና ግመል የሚጠጡት፣ ልብስም የሚታጠብበት ውኃ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከአንድ ውኃ ተጠግቶ መኖር የኢትዮጵያ የገጠርና የትንንሽ ከተሞች ሕዝብ የጋራ ዕጣ በመሆኑ፣ በኋላ ዶክተር አክሊሉ ዕድሜያቸውን የሰጡለት በሽታም የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ወጣቱ አክሊሉ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በዚያ የሠሩት ጥናት ካላአዛርንና የቆዳ ቁስልን የሚያመጡትን የሌይሽማንያ ተውሳኮች ከሕዋስ ውጭ ለማሳደግ የሚቻልበትን ዘዴ የሚመለከት ነበር። ይህም ረቂቅና ጥንቃቄ የሚጠይቅ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። እንዶድን ባሕላዊ ነገር ነው ብለው በናቁ ሰዎች ፊት በቆሙ ጊዜ፣ ዶክተር አክሊሉ ለዘመናዊው ሳይንስ እንግዳ ሳይሆኑ በራሱ በሳይንሱ ማዕከል የሠለጠኑ ሰው እንደ ነበሩ ማስታወስ ተገቢ ነው።

በሽታውና ቀንድ አውጣው

ቢልሃርዝያ ስሙን ያገኘው ተውሳኩን በ1851 በካይሮ ከተማ ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። የተውሳኩ እንቁላል ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ የሚወጣው ትል ሰውን ከመያዙ በፊት በአንድ ዓይነት የወንዝ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ አድጎ መራባት አለበት። ከቀንድ አውጣው የሚወጡት ረቂቅ ትሎች በውኃው ውስጥ እየዋኙ ልብስ የምታጥበውን እናት፣ የሚታጠበውን ልጅ ወይም የሚያጠጣውን እረኛ ቆዳ በስተው ወደ ደም ይገባሉ። በሽታው በአንድ ጊዜ አይገድልም፤ ዳሩ ግን እንደ ዓይነቱ ጉበትን፣ አንጀትን ወይም የሽንት ፊኛን እያበላሸ፣ ሕፃናትን ከዕድገታቸው፣ አዋቂዎችን ከሥራቸው ያጎድላል። በዚያን ዘመን በዓለም ላይ 200 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በዚህ በሽታ እንደ ተያዘ ይገመት ነበር።

ሕመሙን ለመከላከል ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ ሰንሰለቱን በመካከል መበጠስ፣ ማለትም ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው። ለዚሁ ተግባር የአውሮፓ ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው ኬሚካሎች ነበሩ። ከእነዚህም በዓለም ጤና ድርጅት የተመረጠው ኒክሎሳማይድ የተባለው ሲሆን፣ ዋጋው በቶን በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ለሕዝቡ ጤና የሚመደበው ገንዘብ በሳንቲም ለሚለካ ድሃ አገር እንዲህ ያለውን መድኃኒት በየዓመቱ እየገዙ በየወንዙ መጨመር የሚታሰብ አልነበረም።

በዐድዋ ወንዝ ዳር

ዶክተር አክሊሉ በ1964 ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ የቢልሃርዝያን ስርጭት ለማጥናት ወደ ትግራይ፣ ወደ ዐድዋ ሄዱ። በከተማይቱ ወንዞች ቀንድ አውጣ እየሰበሰቡ ሳለ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጦች በብዛት ይታዩ ነበር፤ በሌላው የወንዙ ክፍል ግን ይህን ያህል ሬሳ አልነበረም። ወዲያው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጦች ባሉበት ዕቃ ላይ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጦቹ ጥቂት ቆይተው ሞቱ።

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ደርቆ ከተወቀጠ በኋላ በውኃ ሲመታ አረፋ ስለሚያወጣ፣ ሳሙና ከመምጣቱ በፊትም ሆነ ከመጣ በኋላ ነጠላና ጋቢ ይታጠብበታል። ከዚህም ሌላ በልማድ ሕክምና ይሠራበታል። እንግዲህ ዶክተር አክሊሉ ያገኙት አዲስ ተክል ወይም አዲስ ፍሬ አልነበረም። በሺህ የሚቆጠሩ እናቶች በየቀኑ በእጃቸው የሚያሹትን ነገር፣ ከበሽታው ሰንሰለት ጋር አያይዞ ያየው የመጀመሪያው ሳይንቲስት መሆናቸው ነው ግኝታቸው።

የመጀመሪያው ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1966፣ ዶክተር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ኢንስቲትዩቱ በእንዶድ ላይ ብቻ አልተወሰነም፤ በሌይሽማንያና በሌሎች የአገሪቱ ተላላፊ በሽታዎችም ላይ ምርምር ሲያካሂድና ወጣት ተመራማሪዎችን ሲያፈራ ቆይቷል። በ1970 ደግሞ የቤተ ሙከራውንና የመስኩን ጥናት ውጤት የያዘ ሰፊ ጽሑፋቸው በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ። በዚህም ጥናት የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ዱቄት እጅግ ቀጥኖ በውኃ ውስጥ ሲገኝ እንኳ ቀንድ አውጣውን በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚገድልና በውኃው ውስጥ ብዙ ሳይቆይ እንደሚበሰብስ አሳይተዋል።

የዐድዋው የአምስት ዓመት ሙከራ

በቤተ ሙከራ የታየው በሕዝብ መካከል መፈተን ነበረበት። ለዚህም የተመረጠችው ግኝቱ የተወለደባት ዐድዋ ናት። 17 ሺህ ያህል ሕዝብ በሚኖርባት በዚህች ከተማ ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት በአገር ውስጥ የተሰበሰበ እንዶድ በወንዞቹ ውስጥ እየተጨመረ ውጤቱ ተመዘገበ። ከሙከራው በፊት ከጠቅላላው ሕዝብ በበሽታው የተያዘው 63 ከመቶ ሲሆን፣ ከሙከራው በኋላ 34 ከመቶ ሆነ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ የታየው ለውጥ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የጎላ ነው፤ ቁጥሩ ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ።

የሕፃናቱ ቁጥር ለምን ከሌላው እንደሚበልጥ መገንዘብ ያስፈልጋል። ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚኖር፣ ቀንድ አውጣው ቢጠፋም ቀድሞ የታመመው አዋቂ ወዲያው አይድንም። ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደው ልጅ ግን ከወንዙ በሽታ ካላገኘ፣ መተላለፉ መቀነሱን የሚመሰክረው እርሱ ነው። ስለዚህም የሕፃናቱ መረጃ የሙከራው ዋና ምስክር ሆነ።

ለምን አልታመነም?

ይህን ከመሰለ ውጤት በኋላ እንዶድ በየአገሩ ይሞከራል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችና ብዙዎቹ የምዕራቡ ዓለም ሊቃውንት በጥርጣሬ ተመለከቱት። ድርጅቱ የሚመክረው መድኃኒት ኒክሎሳማይድ ሆኖ ቀጠለ። የዐድዋው ጥናት ሙሉ ዘገባ ራሱ በሳይንስ መጽሔት የወጣው ሙከራው ካለቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1983 ነው።

በተጠራጣሪዎቹ ላይ ፍርድ ከመስጠት በፊት የተናገሩትን ለይቶ ማየት ያሻል፤ ጥርጣሬው አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረምና። አንደኛው ጥያቄ የደኅንነት ነበር። እንዶድ መርዝነት ያለው ተክል ነው፤ ዓሣም ይገድላል። ሕዝብ በሚጠጣው ውኃ ውስጥ ለዓመታት ሲጨመር በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አለን? ካንሰር ወይም የዘር ለውጥ ያመጣ ይሆን? ሁለተኛው የአንድ ዓይነትነት ጥያቄ ነበር። ከፋብሪካ የሚወጣ ኬሚካል ዛሬም ነገም አንድ ነው፤ የእንዶድ ፍሬ ግን እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ ተለቀመበት ጊዜ ኃይሉ ይለያያል። ሦስተኛው የሙከራው አቀማመጥ ነበር። በአንዲት ከተማ በፊትና በኋላ የተወሰደ ቁጥር ሲነጻጸር፣ ለውጡን ያመጣው እንዶድ ብቻ መሆኑን፣ ሌላ ምክንያትም አለመታከሉን ማረጋገጥ ያስቸግራል። እነዚህ ሦስቱ ማንኛውም እውነተኛ ተመራማሪ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው።

አራተኛው ግን በጽሑፍ የማይሰፍር ነበር። ዶክተር አክሊሉ በኋላ ዘመን ባሳተሟቸው ጽሑፎች ደጋግመው እንደ ገለጹት፣ ከአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣ ውጤት፣ በምዕራብ አገር ቤተ ሙከራ እስካልተደገመ ድረስ፣ እንደ ሙሉ ውጤት የማይቆጠር መሆኑ ከሁሉ የከበደ እንቅፋት ሆኖባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች በምርምር መልስ ያገኛሉ። አራተኛው ግን ምርምሩን ራሱን የሚያግድ ነው፤ ለመጠራጠር ፈቃደኛ የሆነ ሰው ለመፈተን ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ጥርጣሬው ሳይንስ መሆኑ ይቀራል።

ሙከራውን ሌሎች እንዲደግሙት ማድረግ

የዶክተር አክሊሉ ትልቅነት የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ሁሉን ተቃውሞ ንቀት ነው ብለው አልተቆጡም፤ ሁሉንም ትክክል ነው ብለውም አልተቀበሉም። መልስ ሊያገኙ የሚችሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ወስደው፣ እያንዳንዱን የሚመልሰው ሌላ እጅ፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ቤተ ሙከራ እንዲሆን ጣሩ። የእንዶድ ፍሬና የአሠራሩ ዘዴ ወደ ለንደንና ወደ ካሊፎርኒያ ተላከ። በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ሮበርት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቻቸው ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የሳፖኒን ዘር የሆነ ቅመም መሆኑን አረጋግጠው፣ ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡ። ለግኝቱ ባለቤት ክብር ሲሉም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት።

ከዚህ የኬሚስትሪ ጥናት በ1980ዎቹ የተገኘው እውቀት ስለ ሙከራ መድገም ራሱ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በደረቀው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን እንዳለ ሲወሰድ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲመታ በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም አንዱን የስኳር ክፍል ቆርጦ ይጥለዋል፤ ገዳይ የሚሆነው የዚያን ጊዜ ነው። ፍሬውን በውኃ ፈንታ በአልኮል የሚዘፈዝፍ ኬሚስት ይህን ለውጥ ስለሚያግደው ኃይሉን አያገኘውም። የዐድዋ ሴቶች ዘዴ፣ ማለትም መውቀጥና በውኃ መምታት፣ ለቅመሙ ትክክለኛው ዘዴ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሙከራን መድገም ማለት የተክሉን ስም ወስዶ በራስ ልማድ መሥራት ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ሠሪ ያደረገውን ሁሉ እንዳደረገው ማድረግ ነው።

የአንድ ዓይነትነትን ጥያቄ ለመመለስ የተነሡት የእርሻ ሳይንስ ሊቅ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከ1976 እስከ 1981 ድረስ ከተለያዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች 65 የእንዶድ ዓይነቶች ሰብስበው በማልማትና በማወዳደር፣ በኃይሉም ሆነ በምርቱ የበለጠውን ለዩ። ይህም ዓይነት 44 በሚል መጠሪያ በዓለም ታወቀ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ተመራማሪ ከየጫካው የተለቀመ ልዩ ልዩ ፍሬ ሳይሆን የታወቀ ዘር ይዞ ሙከራ ለመጀመር ቻለ። ሆላንዳዊው የመድኃኒት ቅመማ ሊቅ ቻርልስ ሉግትም በአዲስ አበባ ሆነው ፍሬው መቼ ቢለቀም እንደሚሻልና እንዴት እንደሚሠራበት አጥንተው ውጤቱን በ1981 አሳተሙ።

ዶክተር አክሊሉ በ1976 ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተሻግረው በሳይንስና በቴክኖሎጂ ለልማት ክፍል፣ በኋላም በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጥናት ማዕከል ቢሠሩም፣ እንዶድን አልተዉትም። ሥልጣናቸውንና ትውውቃቸውን ሊቃውንትን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለማሰባሰብ ተጠቀሙበት። በመጋቢት 1983 በሉሳካ፣ ዛምቢያ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤዎች ተደረጉ። በሁለተኛው ጉባኤ ዝግጅት የስዋዚላንዷ የኬሚስትሪ ሊቅ ሊዲያ ማኩቡ ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ጉባኤዎቹ የተደረጉት በሽታው ባለባቸው በአፍሪካ አገሮች መሆኑ በአጋጣሚ አልነበረም። በዚምባብዌም ተመራማሪዎች ዓይነት 44ን በአገራቸው ዘርተው በራሳቸው ወንዞች ፈተኑት።

የደኅንነቱ ጥያቄ ከሁሉ በኋላ መልስ ያገኘው ነው። በ1984 በቺካጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች እንዶድ የዘር ለውጥ የሚያመጣ ኃይል እንዳልታየበት ዘገቡ። ዓለም አቀፍ ደንብ የሚጠይቀው ሙሉ የመርዝነት ምርመራ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። አንድ የኬሚካል ኩባንያ ለሚሸጠው ዕቃ ይህን ወጪ ያወጣል፤ ማንም በጓሮው ሊተክለው ለሚችል ቁጥቋጦ ግን ገንዘቡን የሚያወጣ ነጋዴ አይገኝም። በመጨረሻ የካናዳ መንግሥት ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ወጪውን ሸፈነ። በኦታዋ የካርልተን ዩኒቨርሲቲው ጆን ላምበርትና ሰባት የሥራ ተባባሪዎቻቸው፣ ከእነርሱም ውስጥ ፓርክኸርስት፣ ሉግትና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ይገኛሉ፣ የተሰበሰበውን ውጤት በ1991 አሳተሙ። የእንዶድ ዱቄት ዓይንን የሚያስቆጣ፣ ዓሣንም የሚጎዳ ቢሆንም፣ ለቀንድ አውጣ በሚሠራበት መጠን በሰውና በአጥቢ እንስሳት ላይ የሚያሰጋ ጉዳት እንደማይጠበቅበት ገለጹ። ዐድዋ ላይ አረፋው ከተፈተነ 27 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሽልማትና አዲስ ጥያቄ

በ1989 ዶክተር አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስዊድን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ዶክተር አክሊሉ ከፊንላንዳዊው ሊቅ ከፔንቲ ማላስካ ጋር ሆነው ስለ አፍሪካ ችግርና ስለ ሳይንስ ድርሻ የሚናገር መጽሐፍ አሳተሙ።

በ1990 የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጣቸው ደግሞ ያልታሰበ ነገር ተከተለ። በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ በመርከብ ውኃ የገባ ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተራብቶ የውኃ ቧንቧዎችን እየዘጋ ከፍተኛ ኪሳራ ያደርስ ነበር። እንስሳው የቀንድ አውጣ ዘመድ ስለ ነበረ ዶክተር አክሊሉ እንዶድን አሰቡ፤ ከዩኒቨርሲቲው ሊቃውንት ጋር ሲሞክሩትም ገደለው። በ1993 ዩኒቨርሲቲው በዚሁ አሠራር ላይ ፓተንት አገኘ፤ የዶክተር አክሊሉም ስም ከፈልሳፊዎቹ ጋር ተመዘገበ። ለድሆች በሽታ ሲባል ሩብ ምዕተ ዓመት የለፋው ተክል፣ የባለጸጎች ቧንቧ ሲዘጋ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕጋዊ ባለቤት አገኘ። በዚህም ምክንያት እንዶድን ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና እናቶች ድርሻቸው ምን ይሁን የሚል ክርክር በዓለም መድረክ ተነሣ። የአገሮች በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ ያላቸው መብት በ1992 በተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ከተደነገገ በኋላ፣ የእንዶድ ታሪክ በዚህ ጉዳይ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ሆኗል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ተሰይሞ ነበር።

ምን ተረፈ?

እንዶድ ቢልሃርዝያን ከኢትዮጵያ አጠፋ ማለት ሐሰት ይሆናል። በየአገሩ በሰፊው የሚሠራበት መድኃኒትም አልሆነም። ሙግቱ ሳያልቅ ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ወጣ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ዋጋው እየረከሰ ሲሄድ፣ በሽተኛውን ማከም የዋናው ዘመቻ መንገድ ሆነ፤ ቀንድ አውጣን መግደልም ወደ ጎን ተባለ። ይሁን እንጂ የታከመው ልጅ ተመልሶ ወደዚያው ወንዝ ሲገባ እንደገና ስለሚያዝ፣ ክኒን ብቻውን እንደማይበቃ ተደጋግሞ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ቀንድ አውጣን በመድኃኒት ስለ መቆጣጠር የአሠራር መመሪያ አውጥቷል። የዐድዋው ሐሳብ፣ ማለትም ሰንሰለቱን በወንዙ ውስጥ መበጠስ፣ ዘመኑ ያለፈበት ሐሳብ አልነበረም።

የጠፋው ግን ጊዜ ነው። በ1974 በዐድዋ የተገኘው የሕፃናት ቁጥር ወዲያው በሌሎች ሁለትና ሦስት ከተሞች ተደግሞ ቢሆን ኖሮ፣ እንዶድ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ጥያቄ በአሥር ዓመት ውስጥ እልባት ባገኘ ነበር። አይሠራም የሚል መልስ ቢመጣ እንኳ ሳይንስ ተጠቅሞ ነበር። ጉዳቱ የደረሰው ከተቃውሞው ይልቅ ከዝምታው ነው፤ ዝምታውን የከፈሉትም በሽታው ባለባቸው ወንዞች ዳር ያደጉ ልጆች ናቸው።

ይህ ታሪክ ዶክተር አክሊሉ ከተወለዱበት ከምሥራቁ ምድር ሩቅ አይደለም። በጅጅጋና በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች የሶማሌ እናቶች ፊታቸውንና ጠጉራቸውን የሚታጠቡበት ቀሲል የሚባል ቅጠል አለ። የሚገኘውም ሶማሌዎች ጎብ፣ በአማርኛ ቁርቁራ ከሚባለው ዛፍ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ተፈጭቶ በውኃ ሲመታ እንደ እንዶድ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውንም የሚሰጠው ያው የሳፖኒን ዘር ነው። ቀሲል ከመታጠቢያነት ሌላ ጥቅም ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው ሲመረመር ብቻ ነው። በ2007 የተከፈተውን የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ ተቋማት የሚሠራ ወጣት ተመራማሪ ከእናቱ ጓዳ ያየውን ነገር ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ ሲገባ፣ የዶክተር አክሊሉ ሕይወት ሁለት ነገር ይነግረዋል። ዘዴውን በግልጽ ይጻፍ፤ ዘሩን ለይቶ ያስቀምጥ፤ ጉድለቱን፣ እንደ ዓሣው ጉዳት ያለውን ሁሉ፣ ራሱ ቀድሞ ይናገር፤ ይህ የእርሱ ግዴታ ነው። ውጤቱ ከየትም ይምጣ፣ የሚጠራጠር ሁሉ ደግሞ ይፈትነው፤ ይህ ደግሞ የባልደረቦቹ ግዴታ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ የመጀመሪያውን ግዴታ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተወጥተዋል። ሁለተኛው በሙያው ውስጥ ባለ ሰው ሁሉ እጅ ነው።